ቱሊፕ በባሕር ዳር፦ ሦስት ዓመት የፈጀብኝ አበባ

"ቱሊፕ እዚህ ይበቅላል?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው። ይበቅላል፤ ግን ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ያውም ሙዝ የማይገባበት ፍሪጅ። ይህቺን ለመማር ሦስት ዓመትና ሰባ ኮረት፣ ማለትም ሰባ የቱሊፕ ራስ፣ አውጥቻለሁ። የሚቀጥለው ሰው ከሰባው ቢያንስ አርባ አምስቱን እንዲያተርፍ ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያዎቹን ሃያ ያመጣችልኝ ሆላንድ የምትኖረው ታናሽ እኅቴ ናት። ለ2010 ዓ.ም. ገና ስትመጣ ለእናታችን ጫማና ሹራብ፣ ለእኔ ደግሞ አፉ የታሰረ የወረቀት ከረጢት ሰጠችኝ። ከረጢቱ ላይ ቀይ አበባ ተስሏል፤ ውስጡ ግን ቡናማ ልጣጭ የለበሰ፣ ጫፉ ሾል ያለ ሽንኩርት ነው። የግብርና ሰዎች እንዲህ መሬት ውስጥ የሚቀመጠውን ራስ ኮረት ይሉታል። ሰፈራችን ግን እስከ ዛሬ "የእሷ ሽንኩርት" እያለ ነው የሚጠራው።

ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት። ከረጢቱን ኩሽና ትቼ ገበያ ደርሼ ስመለስ ሁለቱን ልጣ መክተፊያው ላይ አጋድማቸዋለች። "አንቺ፣ ይሄ ነገር እኮ ዓይን አያስለቅስም። የፈረንጅ ሽንኩርት እንዲህ ፈዛዛ ነው እንዴ?" አለችኝ። ቢላዋውን ከእጇ ቀማኋት። የቱሊፕ ኮረት ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው፤ በእጅ ብዙ ሲነካካም ቆዳ ያሳክካል። ቀኑን ሙሉ ኮረት ሲለዩ የሚውሉ ሠራተኞች ጣታቸው ይቀላል፣ ይሰነጣጠቃል። እኅቴ እንደነገረችኝ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የጦርነት ክረምት ሆላንዶች ርሃብ ቢጠናባቸው መሐሉን እያወጡ ቀቅለው በልተውታል። እናቴ ይህን ስትሰማ የተላጡትን ሁለቱን በጨርቅ ጠቅልላ መለሰችልኝ። ቤት ውስጥ ልጅ ወይም ሽንኩርት የሚልጥ ሰው ካለ ከረጢቱ ላይ በትልቁ ጻፉበት።

በዚያ ዓመት የሠራሁት ስሕተት አጭር ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። ገናን ውለን በማግስቱ ጽጌረዳዬ ጥሩ የምታብብበትን ፀሐያማ ቦታ ቆፍሬ፣ ፍግ ደባልቄ፣ ሃያውንም ቀበርኳቸው። ዐሥራ አንዱ ሰፋ ያለ፣ አመድማ አረንጓዴ ቅጠል አውጥተው መሬቱ ላይ ተኙ። አበባ የለም። የቀሩትን ብቆፍራቸው ትኩሱ ፍግ አበስብሷቸው እንደ ተቀቀለ ድንች ሆነዋል። ለእኅቴ ደውዬ ብነግራት "ብርድ አግኝቶ ነበር?" አለችኝ። "ጥር ነው፤ ጋቢ ደርበን ነው የምናድረው" ብላት ሳቀችብኝ።

የሳቀችበትን ምክንያት ኋላ ነው የተረዳሁት። ቱሊፕ የሆላንድ አገር ተወላጅ አይደለም። የዱሩ ዘር ያለው በመካከለኛው እስያ፣ በቲያን ሻንና በፓሚር ተራሮች ነው። እዚያ በጋው ደረቅና ሞቃት ነው፤ ኮረቱ መሬት ውስጥ ተኝቶ ያሳልፈዋል። ቀጥሎ ወራት የሚቆይ በረዶ ይመጣል። በረዶው ሲቀልጥ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አብቦ፣ ዘር ጥሎ ተመልሶ ይተኛል። አበባው ገና ኮረቱ ውስጥ እያለ በትንሹ ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ አገዳው ተመዞ አበባውን ይዞ እንዲወጣ ግን ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ከ9 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ማግኘት አለበት። ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚበርድ ሌሊት አይቆጠርለትም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። በታኅሣሥና በጥር ንጋት ላይ ስምንትና ዘጠኝ ዲግሪ ቢሆን እንኳ ቀን ከሃያ አምስት በላይ ይወጣል፤ ከእጅ ክርን በታች ያለው አፈር ደግሞ ብርዱን ሳይሰማው ያድራል። እኛ ጋቢ የምንደርብበትን ብርድ ቱሊፕ ብርድ ብሎ አይቆጥረውም። አንድ ዘመዳችን "ጉና ሥር ወስደሽ ቅበሪው" ብሎኝ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ግን እዚያም ቀን ፀሐዩ ያው ፀሐይ ነው፣ እኔም ውሃ ለማጠጣት ደብረ ታቦር አልመላለስም።

በሁለተኛው ዓመት እንግዲህ ፍሪጅ ገባሁ። መስከረም 2011 ላይ ሃያ አምስት አዲስ ኮረት መጣልኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ የሚተከል ነገር ወደ አገር ማስገባት ፈቃድና የተክል ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ዓመት እኔም ይህን አላውቅም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያለ ወረቀት አልቀበልም። ሐይቁ ዳር ለምንኖር ሰዎች ጉዳዩ የቢሮ ጣጣ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። በዓለም ሁሉ የተዛመተው ሐምራዊ አበባው ስለሚያምር ሰዎች ለጌጥ ይዘውት ስለዞሩ ነው። ቱሊፕ እንኳን ሐይቅ ሊወርር፣ ያለ እኔ ፍሪጅ አንድ ክረምት አያልፍም፤ ከኮረቱ ጋር የሚመጣ ሻጋታና ትል ግን የእኛን ሽንኩርት ማግኘት የለበትም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ኮረቶቹን በወረቀት ከረጢት አድርጌ ፍሪጃችን ሥር ካለው የአትክልት መሳቢያ ከተትኳቸው። ቴርሞሜትር ገዝቼ አብሬ አስቀመጥኩ፤ ከአምስት እስከ ሰባት ዲግሪ ያሳያል። ደስ አለኝ። ዐሥራ አራት ሳምንት ጠብቄ ተከልኳቸው፤ ቅጠሉ ወጣ፣ አገዳው ተመዘዘ፣ ጫፉ ላይ እምቡጥ ታየ። ለእኅቴ ፎቶ ላክሁ። ከዚያ እምቡጡ ቀለም ከመያዝ ይልቅ ነጣ፤ ከሳምንት በኋላ ስነካው የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ሆኖ ጣቴ ላይ ተፈረፈረ። አንዱ አይደለም፣ ሁሉም።

ሳይበቅሉ የቀሩትን ሁለት ኮረቶች ነቅዬ በምላጭ ከጫፍ እስከ ሥር ለሁለት ሰነጠቅኳቸው። ማንም ሰው አንድ ኮረት ሠውቶ ይህን ቢያየው ደስ ይለኛል። እንደ ሽንኩርት በነጭ ሥጋ የተደራረበ ነው፤ መሐሉ ላይ ከስንዴ ፍሬ የማይበልጥ የተሠራ አበባ ተቀምጧል። ጤነኛ ሲሆን ፈዘዝ ያለ ቢጫና እርጥብ ነው። የእኔዎቹ ቡናማ ሆነው ደርቀው ነበር። ሳይወለዱ ነው የሞቱት።

የገደላቸው ሙዝ ነው። ሙዝ ብቻም አይደለም፤ በዚያ መሳቢያ ውስጥ አቮካዶም ዘይቱንም ነበር። ፍሬ ሲበስል ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጥሬ አቮካዶን ከበሰለ ሙዝ ጋር ከረጢት ውስጥ ስናስቀምጠው የሚያበስልልን ይኸው ጋዝ ነው። ያ ጋዝ ኮረቱ ውስጥ የተኛውን አበባ ያደርቀዋል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ኮረቱ ምንም የሆነ አይመስልም። የበሰበሰ ኮረትም ራሱ ያንኑ ጋዝ ስለሚያወጣ ከረጢት ውስጥ የቀረ አንድ ብልሹ ጎረቤቶቹን ይዞ ይሄዳል። መለያው ሽታው ነው፤ ኮምጠጥ ይላል፣ ሥሩ አካባቢ ነጭ ወይም ሮዝማ ሻጋታ ይይዛል። በየሳምንቱ ከረጢቱን ከፍታችሁ አሽትቱት።

የኛ ቤት ፍሪጅ ደግሞ ከፍሬ አይላቀቅም። እናቴ የዘጌ ልጅ ናት፤ ከዘመድ ቤት ሎሚው፣ ዘይቱኑ፣ ማንጎው በየወቅቱ ይመጣላታል። "ለሽንኩርትሽ ብዬ ፍሬዬን ፀሐይ ላይ ላውጣ?" ብትለኝ መልስ አልነበረኝም።

በሦስተኛው ዓመት መፍትሔው የተገኘው ከሰፈራችን ባለሱቅ ነው። በሩ መስታወት የሆነ የመጠጥ ፍሪጅ አላቸው፤ ውስጡ ለስላሳ፣ አምቦ ውሃና ቢራ ብቻ። ፍሬ የሚባል ነገር ደርሶበት አያውቅም። ከረጢቴን ይዤ ሄጄ "ጋሼ፣ እስከ ገና ድረስ ታች ባለው መደርደሪያ ጥግ ያስቀምጡልኝ" አልኳቸው። ከፍተው አዩ። "ከቢራ ጋር የሚቀመጥ ሽንኩርት ዛሬ ገና አየሁ" አሉና ተቀበሉኝ። ክፍያችን በየሳምንቱ አንድ ካሳ አምቦ ውሃ ከእርሳቸው መግዛት ሆነ።

እንደ ቀልድ የጀመርኩት ነገር ከቤት ፍሪጅ በለጠ። መብራት ሲጠፋ የኛ ፍሪጅ በሁለት ሰዓት ይሞቃል፤ የእርሳቸው ግን ሙሉ ጠርሙስ ስለተደረደረበት ብርዱን ይዞ ይቆያል። ቴርሞሜትሬ ከአራት እስከ ሰባት ያሳያል፤ ቅዳሜ ገዢ ሲበዛና በሩ ሲመላለስ ዘጠኝ ደርሶ ያውቃል። ከኋለኛው ግድግዳ ብቻ አርቁት፤ እዚያ በረዶ ይይዛል፣ የቀዘቀዘ ድንጋይ የሆነ ኮረት አይመለስም። ላስቲክ ከረጢትም አትጠቀሙ፤ ያልበዋል።

ከመስከረም 18 እስከ ታኅሣሥ 26 ዘጠና ስምንት ቀን ነው፤ ዐሥራ አራት ሳምንት። በዚያ ዓመት ከመጡልኝ ሃያ አምስት ኮረቶች ሁለቱ ሸትተው ወጥተዋል። ሃያ ሦስቱን ተከልኩ።

አተካከሌን እንዳለ ልንገራችሁ። ቡናማውን ልጣጭ ላጥኩት፤ ብልሹውን ለማየትም ሥሩ ቶሎ እንዲወጣም ይረዳል። ሥሩ የተሰነጠቀ የሸክላ ዕቃ ከሌላችሁ ሥሩን ብሱት፤ ቱሊፕ ውሃ የሚቋጥር አፈር ይጠላል። እኔ ሁለት እጅ የግቢ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ ነው ያደረግሁት፤ ፍግ አልደገምኩም። መሬት ላይ ቢሆን የኮረቱን ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል መቅበር ነው፤ ሸክላ ውስጥ ግን ጫፉ ትንሽ አፈር ቢለብስ ይበቃል። ኮረቱ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋውን ጎን ወደ ሸክላው ግድግዳ አዙሩት፤ የመጀመሪያው ሰፊ ቅጠል ከዚያ ጎን ስለሚወጣ ቅጠሎቹ ወደ ውጭ ይዘረጋሉ፣ መሐሉ ለአበባው ይቀራል። ተጠጋግተው ቢተከሉም አይጣሉም፤ በአንዱ ሸክላ ስድስት አድርጌያለሁ።

ሸክላዎቹን በቀጥታ ፀሐይ ላይ አላወጣኋቸውም። የእናቴ የጭቃ ቤት ጓዳ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ቀትር ላይ እንኳ ቀዝቀዝ ይላል። ዐሥር ቀን እዚያ ጨለማ ውስጥ ሥር ሰደዱ። እንደ እርሳስ ጫፍ ያለ ነገር አፈሩን ሲገፋ ወደ ምሥራቅ በሚያየው በረንዳ አወጣኋቸው፤ የጠዋት ፀሐይ ያገኛሉ፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ጥላ ነው። ይህን የመከረችኝ እናቴ ናት። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ ሰው የሚኖረው በጫካ ጥላ ሥር በሚያድግ ቡና ነው። "ሁሉም ተክል ፀሐይ ይወዳል ያለሽ ማነው?" ብላኝ ነበር በመጀመሪያው ዓመት፤ አልሰማኋትም።

ሌላዋ ብልሃት የእንስራ ናት። እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው ስለሚያልበው ነው። ስለዚህ ትንሹን ሸክላ ትልቅ ሸክላ ውስጥ ከትቼ መካከላቸውን በአሸዋ ሞላሁና አሸዋውን ጠዋትና ማታ አረጥበዋለሁ። አየሩ በበጋ ደረቅ ስለሆነ ውሃው እየተነነ ውስጠኛውን አፈር ያቀዘቅዘዋል። በእጅ ሲነኩት ይታወቃል። ለዚህ ሥራ ቀለም ያልተቀባ፣ ያልተወለወለ ሸክላ ነው የሚሆነው፤ ፕላስቲክ አያልብም።

የካቲት 6 ቀን የመጀመሪያዋ ፈካች። ከሃያ ሦስቱ ዐሥራ ዘጠኙ አበቡ፤ አራቱ ቅጠል ብቻ ሆነው ቀሩ። ቁመታቸው አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ነው፤ እኅቴ ፎቶውን አይታ "አጫጭሮች ናቸው" አለች። እኔ ግን ለሦስት ዓመት ቅጠል ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አልቀየምኳትም።

ቱሊፕን ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አልፎ ሂያጅ "ቀይ አበባ" ብሎ ያልፈዋል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንደ እንቁላል ተዘግታ ነው የምትገኘው፤ ከውጭ በኩል ሥሯ ላይ አረንጓዴ ጥላ አላት። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ አጥሩን አልፋ ስትነካት ጫፎቿ ይለያያሉ። ስድስት ቅጠል ናቸው፤ ሦስቱ በውጭ ሦስቱ በውስጥ። ጎንበስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ተመልከቱ፦ ሥሩ ላይ ጥቁር ኮከብ አለ፣ ዙሪያው በቢጫ መስመር የተከበበ፤ ኮከቡ ላይ ስድስት ጥቁር ዱቄት ያረገዙ ዘንጎች ቆመዋል። ከውጭ የሚያያት ሰው ይህን ጌጥ አይጠረጥርም። ስድስት ሰዓት ላይ እንደ ሳህን ትዘረጋለች። እናቴ "ልትሰነጠቅ ነው መሰል" አለች። 11 ሰዓት ላይ ተመልሳ ትዘጋለች።

ይህ መክፈትና መዝጋት የሙቀት ነገር ነው። ሲሞቅ የቅጠሉ የውስጥ ገጽ ፈጥኖ ያድጋል፣ ትከፈታለች፤ ሲቀዘቅዝ ውጩ ያድጋል፣ ትዘጋለች። ስለዚህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየገዘፈች ነው የምትሄደው፤ የባሕር ዳር ቀትርም በቶሎ ያስረጃታል። ይህን ለማረጋገጥ ሁለት ሸክላ በረንዳው ላይ ተውኩ፣ ሌሎቹን አምስት ሰዓት ላይ ጓዳ እያስገባሁ ማታ አወጣለሁ። በረንዳ የቀሩት በአራት ቀን ረገፉ፤ ጓዳ የዋሉት ስምንት ቀን ቆዩ።

ቆርጣችሁ ቤት ውስጥ ማድረግ ከፈለጋችሁ እምቡጡ ቀለም ይዞ ሳይከፈት ቁረጡት። እኔ አፏ ጠባብ ስለሆነች ብርሌ ነው የተጠቀምኩት፤ ሦስት ብቻ ትይዛለች፣ አገዳቸውንም ትደግፋለች። ቱሊፕ ከተቆረጠም በኋላ ማደጉን አይተውም። ማታ ቀጥ ብለው የተውኳቸው ጠዋት ጣት ያህል ረዝመው ሦስቱም አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። ብርሌውን አዞርኩት፤ በማግስቱ ተመልሰው ዞሩ። የሰፈር ልጆች ይህን ለማየት ለአንድ ሳምንት ቤታችን ተመላለሱ።

የንስሐ አባታችንም በዚያው ሰሞን መጥተው አይተዋታል። የስሟ መነሻ ቱርኮችና ፋርሶች ጥምጥምን የሚጠሩበት ቃል እንደሆነ ስነግራቸው የራሳቸውን ጥምጥም ነካ አድርገው "ጠምጣሚዋስ ማን ናት?" ብለው ሳቁ። አበባዋ ወደ ሆላንድ የገባችው ከኦቶማን ቱርኮች አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ ላይደን ከተማ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ከተተከለች በኋላ ሰው አበደባት፣ ገበያዋም በየካቲት 1637 ወደቀ። በዚያ ገበያ እጅግ ውድ የነበሩት ነጭና ቀይ የተዥጎረጎሩት ነበሩ። ያንን ዥጉርጉር የሚያመጣው ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ የሚያዛምተው ቫይረስ መሆኑ የታወቀው ግን ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ለበሽታ ነበር ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈሉት። ክሽክሽ እኔም ሸክላዎች ላይ መጥቶብኛል፤ ቅጠሉን ገልበጥ እያደረግሁ በሳሙና ውሃ በጨርቅ ጠረግሁት።

ከአበባው በኋላ ያለው የማያስደስት ክፍል ነው። የአበባውን ራስ ቆርጬ ቅጠሉ ቢጫ እስኪሆን ድረስ አጠጣሁ፤ ግንቦት ላይ ስቆፍር ትልቁ ኮረት የለም፣ በምትኩ የነጭ ሽንኩርት ፍንካች የሚያካክሉ ሦስት አራት ልጆች አሉ። በደረቅ ቦታ አስቀምጬ፣ መስከረም ላይ እንደገና ሱቅ አስገብቼ ሞከርኳቸው። አንዳንድ ቅጠል ብቻ ሰጡኝ። በኛ ሙቀት ቅጠሉ ቶሎ ስለሚደርቅ ኮረቱ ለመወፈር ጊዜ አያገኝም። መሬት ውስጥ እተዋለሁ ካላችሁ ደግሞ የሐምሌ ዝናብ ይጨርሰዋል። እንግዲህ በየዓመቱ አዲስ መግዛት ነው፤ ስትገዙም ዙሪያው 12 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ምረጡ። ወጪው የሚከብደው ሰው ግላዲዮለስ ይትከል። ብርድ አይለምንም፣ ባሕር ዳር ላይ ያምራል፣ ልጆቹንም አስቀምጦ መትከል ይቻላል። እናቴ ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሐይቁ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ቀይ ኳስ መስሎ ብቅ የሚለውን አበባ እያሳየች "እሱም ሽንኩርት አለው፤ ማን ፍሪጅ ገዛለት?" ትለኛለች።

ዘንድሮም ከረጢቱ ጋሼ ሱቅ ገብቷል። እኔ "አይበላም" ብዬ የጻፍኩበት ሥር እርሳቸው በራሳቸው እጅ "አይሸጥምም" ብለው ጨምረውበታል፤ አንድ ደንበኛ ለጥብስ ግማሽ ኪሎ መዝኑልኝ ብሏቸው ኖሯል።